ገመዱ ሳይበጠስ እንናገር



ዐርብ ከሰዓት በኋላ በሐዴራ በየቤታችን የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሰንበት ከመግባቱ በፊት ዳቦው ይጋገራል፣ ቤቱ ይጸዳል፣ ከዚያም ስልኩ ይነሣና ጎንደር ይደወላል። እናት እዚህ፣ እኅት እዚያ፤ አባት በጊቫት ኦልጋ፣ ልጅ በአዲስ አበባ። ፊት ለፊት እየተያዩ ጤና ይጠያየቃሉ፣ የተላከው ገንዘብ መድረሱን ይነጋገራሉ፣ ተመራርቀው ይለያያሉ። ስልኩ ሽቦ ስለሌለው ድምፁም በአየር በርሮ የሚደርስ ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ድምፃችን ከሰፈራችን አንቴና ወርዶ መሬት ይገባል፤ ከዚያ በሜዲትራኒያን ባሕር ወለል ላይ ወደ አውሮፓ ይሻገራል፤ ብዙውን ጊዜ ተመልሶ በግብፅ በኩል ቀይ ባሕርን ይወርድና ጅቡቲ ይደርሳል፤ ከጅቡቲ ደግሞ በየብስ ወደ ኢትዮጵያ ይወጣል። ይህ ሁሉ መንገድ ገመድ ነው። ገመድ ደግሞ ይበጠሳል።

ስለዚህ ጉዳይ ልንጽፍ መሆኑን በሰሙ ጊዜ፣ አንዳንድ የማኅበራችን አባላት ተቈጥተውናል። «ቤት የለንም፤ የልጆቻችን ትምህርት ያሳስበናል፤ ከጎንደር የሚጠበቁት ወገኖቻችን ገና ተሰብስበው አላለቁም፤ እናንተ ስለ ባሕር ወለል ትጽፋላችሁ?» ብለውናል። ቁጣቸውን እንረዳለን። መልሳችን ግን አጭር ነው። ጎንደር ሆነው የሚጠባበቁት ወገኖቻችን ከእኛ ጋር የተያያዙት በዚህ ገመድ ነው። ቀጠሯቸውን የሚሰሙት፣ ሰነዳቸውን የሚልኩት፣ የመድኃኒት ገንዘብ የሚደርሳቸው በዚሁ ነው። ገመዱ የቴክኒክ ሰዎች ጉዳይ ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ በመጀመሪያ የሚጎዳው ባለ ሀብቱን ሳይሆን እኛን ነው። ባለ ሀብቱ ሌላ መንገድ ይገዛል፤ እኛ ግን ስልኩን ይዘን እንቀመጣለን።

ባሕሩም ቢሆን ለእኛ ባዕድ አይደለም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሱዳን የቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ዐሩስ በሚባለው ቦታ፣ የእስራኤል ሰዎች የጠላቂ ዋናተኞች መዝናኛ ከፍተው፣ በዚያ ሽፋን ከወገኖቻችን የተወሰኑትን በሌሊት በጀልባ ወደ መርከብ አሻግረዋል። ቀይ ባሕር ሰዎቻችንን ያሻገረ ባሕር ነው። ዛሬ ድምፃችንን ያሻግራል። ስለ እርሱ መናገር መብታችን ነው።

ለመሆኑ ይህ ገመድ ምን ዓይነት ነገር ነው? በጥልቁ ባሕር የሚተኛው ክፍል ውፍረቱ ከአትክልት ማጠጫ ጎማ አይበልጥም። በውስጡ እንደ ፀጉር የቀጠኑ የብርጭቆ ክሮች አሉ፤ ድምፅና ሥዕል ወደ ብርሃን ተለውጦ የሚሮጠው በእነዚህ ክሮች ነው። ብርሃኑ በመንገድ እንዳይደክም በየ60 እስከ 100 ኪሎ ሜትሩ የሚያጐላ መሣሪያ ይገጠምለታል። ወደ ባሕር ዳር ሲጠጋ መርከብና መረብ ስለሚበዛ በብረት ሽቦ ይጠቀለላል፤ በልዩ ማረሻም ከአሸዋው በታች አንድ ሜትር ያህል ይቀበራል። በዓለም ላይ እንዲህ ያሉ ከ500 በላይ የገመድ መሥመሮች አሉ። በአገሮች መካከል ከሚተላለፈው መረጃ ከመቶ 95 እጅ በላይ የሚያልፈው በእነርሱ ነው። «ሳተላይት አለ አይደለም ወይ?» የሚል ካለ፣ ሳተላይት ለጭንቅ ጊዜ ጥሩ ረዳት ነው፤ ነገር ግን የዓለምን ጭነት ይሸከማል ማለት የአንድን ከተማ ውኃ በእንስራ ቀድቼ አዳርሳለሁ እንደ ማለት ነው።

እንግዲህ ማን ይበጥሰዋል? ገመድ ተበጠሰ በተባለ ቁጥር ከሁለት ወገን ጩኸት እንሰማለን። አንዱ «ጠላት ነው፣ ሰላይ ነው» ይላል። ሌላው «አደጋ ነው፣ ምን ይደረጋል» ይላል። እኛ ሁለቱንም አንቀበልም።

በመጀመሪያ እውነቱን እናስቀምጥ። በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ150 እስከ 200 ያህል ጊዜ በገመዶች ላይ ጉዳት ይደርሳል። ከመቶ ከ70 እስከ 80 የሚሆነው በመርከብ መልሕቅና በዓሣ ማጥመጃ መረብ የሚመጣ ነው። የመሬት መንቀጥቀጥና የባሕር ውስጥ ናዳ የሚያደርሱት ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። የሐዴራ ልጅ ሁሉ በክረምት በኦሮት ራቢን የኤሌክትሪክ ጣቢያ ሞቅ ያለ ውኃ ዙሪያ የሚሰበሰቡትን ሻርኮች ያውቃልና፣ «ሻርክ ነክሶት ይሆናል» የሚል ወሬ ይወዳል። ነገር ግን በዚህ ዘመን በዓሣ ንክሻ የሚደርሰው ጉዳት ከቍጥር የሚገባ አይደለም። የገመድ ትልቁ ጠላት ጥርስ ያለው አውሬ ሳይሆን ካርታውን ሳያይ መልሕቁን የሚጥል ሰው ነው።

በ2008 መጀመሪያ በእስክንድርያ አቅራቢያና በባሕረ ሰላጤው አካባቢ ገመዶች በጥቂት ቀናት ልዩነት ሲበጠሱ፣ ዓለም ሁሉ ሤራ ነው ብሎ ተንጫጫ። ከዱባይ ወዲያ የተበጠሰውን ለመጠገን የሄዱት ሰዎች ያገኙት ግን ክብደቱ ከ5 ቶን በላይ የሆነ፣ አንድ መርከብ ጥሎት የሄደ መልሕቅ ነበር። የሰላይ ወሬ የሚያስደስተን ማንም ምንም እንዲያደርግ ስለማይጠይቅ ነው። መልሕቅ ነው ካልን ግን ሕግ ማውጣት፣ መጠበቅና መቅጣት ይመጣል።

ይህ ማለት ሆን ብሎ የሚቈርጥ የለም ማለት አይደለም። በማርች 2013 የግብፅ ባሕር ኃይል ከእስክንድርያ ፊት ለፊት የኢንተርኔት ገመድ ሲቈርጡ አገኘኋቸው ያላቸውን ሦስት ጠላቂ ዋናተኞች ይዟል። በባልቲክ ባሕር ከ2023 ጀምሮ መርከቦች መልሕቃቸውን እየጎተቱ የጋዝ ቧንቧ፣ የኤሌክትሪክና የመገናኛ ገመድ ደጋግመው በጥሰዋል፤ ስሕተት ነው ወይስ ተንኰል የሚለው ክርክርም እስካሁን አልበረደም። ነጥባችን ይህ ነው፦ በአደጋና በተንኰል መካከል ያለው ድንበር እንደሚታሰበው ግልጽ አይደለም።

ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር በእኛው መንገድ ላይ የሆነው ነው። በፌብሩዋሪ 18 ቀን 2024 ሩቢማር የተባለች፣ ከ20 ሺህ ቶን በላይ ማዳበሪያ የጫነች መርከብ በቀይ ባሕር ደቡብ በሑቲዎች ሚሳይል ተመታች። መርከበኞቹ መልሕቋን ጥለው ነፍሳቸውን አዳኑ። መርከቧ ግን አልቆመችም፤ መልሕቋን እየጎተተች ለቀናት ተንሳፈፈች፤ በማርች 2 ሰጠመች። በእነዚያው ቀናት ሲኮም፣ ኤኤኢ-1 እና ኢአይጂ የሚባሉት ሦስት ገመዶች በዚያው አካባቢ ተበጠሱ። የበጠሳቸው የሩቢማር መልሕቅ ሳይሆን እንዳልቀረ የአሜሪካ ባለ ሥልጣኖች ተናግረዋል። ሚሳይሉን የተኮሰው ሰው ያነጣጠረው በመርከቧ ላይ ነበር፤ ገመዱን የበጠሰው ግን ባዶ መርከብ ነው። ይህ ተንኰል ነው ወይስ አደጋ? ሁለቱም ነው። ስልኩ ለተቋረጠበት ሰው ደግሞ ልዩነት የለውም።

የባሰው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። የተበጠሰ ገመድ መጠገን የታወቀ ሥራ ነው፤ መርከብ ይሄዳል፣ በሜንጦ ገመዱን ከወለል ያወጣል፣ ክሮቹን አንድ በአንድ ይቀጥላል፣ መልሶ ያወርዳል። ቀይ ባሕር ላይ ግን የየመንን ውኃ የሚያዝዘው ማን እንደሆነ በዐደንና በሰንዓ መካከል ክርክር ስለነበረ ጥገናው ለወራት ተጓተተ። በቀናት የሚያልቅ ሥራ ፈቃድ ሲጠብቅ ከረመ። በሴፕቴምበር 2025 ደግሞ ከጅዳ አቅራቢያ ሌሎች ገመዶች ተበጥሰው ከሕንድና ከፓኪስታን እስከ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ድረስ ኢንተርኔት ተዳክሟል። አንድ ጠባብ ባሕር፣ አንድ ጠባብ በር፣ በዚያ ውስጥ የታጨቁ ገመዶች! አባቶቻችን «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» ይሉ ነበር። ዓለም ግን በአንድ ዓይኑ በአፈር እየተጫወተ ነው።

ባሕር የሌላት ኢትዮጵያስ? ባሕር የሌለው አገር ከባሕር ገመድ ነጻ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል፤ እንዲያውም ዕዳው እጥፍ ነው። ባሕሩ ላይ ያለው መበጠስ ይደርሰዋል፤ ከወደብ እስከ ቤቱ ያለው የየብስ መሥመር መበጠስ ደግሞ ይጨመርበታል። በ2011 በጆርጂያ አንዲት የ75 ዓመት አሮጊት የመዳብ ቍራጭ ለመለቃቀም በአካፋ ሲቈፍሩ ገመድ ቈርጠው፣ ጎረቤት አገር አርመን ለሰዓታት ያለ ኢንተርኔት ቀርታለች። እኚህ እናት ሰላይ አልነበሩም፤ ድኻ ነበሩ። ማንም ግን ከመሬቱ በታች ምን እንዳለ አልነገራቸውም።

ሦስተኛም መንገድ አለ። በኦገስት 2023 በአማራ ክልል ውጊያ ሲነሣ ኢንተርኔት ተቋረጠ። ጎንደር ውስጥ ተኩስ እንዳለ እየሰማን፣ ከወገኖቻችን ግን ድምፅ ጠፋ። በዚያው ወር እስራኤል ከጎንደርና ከባሕር ዳር ከ200 በላይ ሰዎችን ስታወጣ፣ ስሙ በዝርዝሩ ላይ ያለውና የሌለው ወገናችን ማን እንደሆነ ለማወቅ ስንት ቤት ሌሊቱን ሳይተኛ አደረ! በዚያን ጊዜ መልሕቅም ናዳም አልነበረም። ስለዚህ ገመድ ይጠበቅ ስንል ከመርከብ ብቻ አንልም። ሲቪል ሕዝብን በጨለማ የሚያስቀር እጅ፣ መልሕቅ ቢይዝም ማብሪያና ማጥፊያ ቢይዝም፣ ለእኛ አንድ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። እስራኤል በካርታ ላይ ከጎረቤቶቿ ጋር በየብስ ትገናኛለች፤ በመገናኛ ረገድ ግን ደሴት ማለት ትችላለች። ከውጭ ዓለም ጋር የሚያገናኛት አብዛኛው መሥመር በሜዲትራኒያን ወለል ወደ ቆጵሮስ፣ ወደ ጣሊያንና ወደ ግሪክ የሚሄድ ገመድ ነው። ጉግል በ2021 ብሉ እና ራማን የተባሉትን መሥመሮች ሲያስታውቅ፣ ከጣሊያን ወደ እስራኤል፣ ከዚያም በዮርዳኖስ በኩል ወደ ሕንድ የሚወስድ አዲስ መንገድ ታሰበ። የእኛም ከተማ ከዚህ አትርቅም። በሐዴራ ባሕር ውስጥ 2 ኪሎ ሜትር ያህል የሚገባውን የከሰል መርከቦች መድረክ ሁላችንም እናየዋለን። የምንጠጣውን ውኃ ከሚያጣሩት ጣቢያዎች አንዱ ከ2009 መጨረሻ ጀምሮ ከዚያው ባሕር ይቀዳል። በ2013 ደግሞ ፈሳሽ ጋዝ የጫኑ መርከቦች የሚያራግፉበት መልሕቅ ከዳርቻችን ፊት ለፊት ተተክሏል። ከሐዴራ ተነሥቶ በቆጵሮስ በኩል እስከ ቀርጤስ የሚዘረጋ የኤሌክትሪክ ገመድም ለዓመታት ሲታቀድ ቆይቷል። ልጆቻችን የሚዋኙበት ባሕር ሥሩ ቧንቧና ገመድ የሞላበት ነው። ይህን ስንቶቻችን እናውቅ ነበር?

እዚህ ላይ ከምንቃወመው ሐሳብ ዋናው ይመጣል። «ስለ እነዚህ ነገሮች ዝም ማለት ይሻላል፤ ጠላት ይሰማል» ይባላል። ወታደራዊ ምስጢር ምስጢር ሆኖ ይቆይ፤ እኛም የምንኖርበትን አካባቢ እናውቃለን። ነገር ግን የመገናኛ ገመዶች የተኙበት ቦታ በባሕር ካርታ ላይ የሚታተመው በስሕተት አይደለም፤ የመርከብ አዛዥ አይቶ እንዲርቅ ታስቦ ነው። መቍረጥ የፈለገ ክፉ ሰው ቦታውን ያገኘዋል። ካርታ የሚያስፈልገው ክፋት የሌለው ሰው ነው፤ ጉዳቱን በብዛት የሚያደርሰውም እርሱ ነው። ስለዚህ መደበቅ ከጥቂት ተንኰለኞች አያድነንም፤ ለብዙ ቸልተኞች ግን ያጋልጠናል።

ሕግስ የለም ወይ? አለ። ሐዴራ ከመቈርቈሯ ከ7 ዓመት በፊት፣ በ1884 በፓሪስ፣ መንግሥታት የባሕር ውስጥ ቴሌግራፍ ገመዶችን ለመጠበቅ ተስማምተዋል። በዚያ ስምምነት ውስጥ አንድ የሚያስደንቅ ፍርድ አለ፤ ገመድ ላለመጉዳት ሲል መልሕቁን ወይም መረቡን ቈርጦ የተወ ባለ መርከብ፣ ጥንቃቄ ማድረጉን ካስረዳ፣ ከገመዱ ባለቤት ካሣ ያገኛል። ድኻ ዓሣ አጥማጅ በመረቡና በሌላው ሰው ገመድ መካከል እንዳይጨነቅ የታሰበ ነው። የ1982ቱ የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግም ይህን ደግሞታል፤ እስራኤል ግን የዚህ ሕግ አባል አይደለችም። ሕጉም ራሱ ቀዳዳ አለው። ፊንላንድ በዲሴምበር 2024 ገመዶች በጥሳለች ያለቻትን ኢግል ኤስ የተባለች መርከብ ይዛ አዛዦቹን ከሰሰች፤ በኦክቶበር 2025 ግን የሄልሲንኪ ፍርድ ቤት፣ ድርጊቱ የተፈጸመው ከአገሪቱ የባሕር ክልል ውጭ ስለሆነ ሥልጣን የለኝም ብሎ ክሱን ዘጋው። ገመዱ የሁሉ፣ ጥፋቱ የማንም!

ሌሎች ግን ሠርተው አሳይተዋል። ኒው ዚላንድ በ1996 ባወጣችው ሕግ ገመድ ባለበት ቦታ መልሕቅ መጣልንና ዓሣ ማጥመድን ከልክላ ከባድ መቀጮ ትጥላለች፤ ቦታውንም ታስጠብቃለች። አውስትራልያም በ2005 ሕግ አውጥታ በሲድኒና በፐርዝ አቅራቢያ የተከለሉ ቀጠናዎች አሏት፤ ሆን ብሎ የጎዳ እስራት ይጠብቀዋል። ይህ ተአምር አይጠይቅም፤ ካርታ፣ ጠባቂ ጀልባና የሚፈጸም ቅጣት ብቻ ነው።

ስለዚህ ማኅበራችን የሚጠይቀው ይህን ነው። አንደኛ፣ መልሕቅ የማይጣልባቸውና መረብ የማይጎተትባቸው ቀጠናዎች በግልጽ ይከለሉ፤ በገመድ ላይ የሚያዘግም መርከብ ከመጉዳቱ በፊት በራዲዮ ይጠራ። ሁለተኛ፣ የጥገና ፈቃድ በቀናት ውስጥ የሚሰጥበት ሥርዓት ይኑር፤ የጥገና መርከብም አስቀድሞ በውል ይያዝ። ሦስተኛ፣ መንገዱ ይብዛ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደሚባለው፣ ብዙ ቀጭን መንገድ ከአንድ ወፍራም መንገድ ይሻላል። አራተኛ፣ የመገናኛ ሚኒስቴር በየዓመቱ ስንት ጊዜ ጉዳት እንደደረሰ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደቆየና ምን መጠባበቂያ እንዳለ ለሕዝብ ይንገር፤ በአማርኛም ጭምር ይንገር። ግብር የምንከፍለው በአንድ ቋንቋ ተለይተን አይደለምና!

ከራሳችንም የሚጠበቅ አለ። ጀልባ ያላችሁና ዓሣ የምታጠምዱ ወጣቶች፣ መልሕቅ ከመጣላችሁ በፊት ካርታውን እዩ፤ መልሕቃችሁ ባልታወቀ ነገር ከተያዘ በጉልበት አትጎትቱ፤ ለባሕር ባለ ሥልጣን ንገሩ። አዲስ የመጣችሁ ቤተሰቦች፣ ኢንተርኔት በጠፋ ጊዜ አትደንግጡ፤ የአገር ውስጥ ስልክ ሊሠራ ይችላል፤ ፖሊስ 100፣ አምቡላንስ 101፣ እሳት አደጋ 102 ነው። በጎንደርና በአዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቻችሁን ቍጥር በስልክ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በወረቀትም ጻፉት። በባትሪ የሚሠራ ራዲዮ ይኑራችሁ። ከሁሉ በላይ ወሬ አታባዙ። ከጎንደር ድምፅ የጠፋ ዕለት «አለቁ» ብሎ የሚያለቅስ ሰው ሰፈሩን ሁሉ ያስለቅሳል፤ ብዙ ጊዜ ግን የጠፋው ሰው ሳይሆን ገመድ ነው።

«ይህ የእናንተ ጉዳይ አይደለም» የሚሉን ሁሉ አንድ ነገር ይወቁልን። እኛ የመለያየትን ዋጋ ከማንም በላይ እናውቃለን። ደብዳቤ በዓመት አንድ ጊዜ ሲደርስ፣ ያውም የሞተውን ሰው ሰላምታ ይዞ ሲደርስ ያዩ እናቶች በመካከላችን አሉ። ዛሬ የልጅ ልጃቸውን ፊት እያዩ የሚመርቁት እነርሱ ናቸው። ይህን ያገኘነው በብርጭቆ ክር ነው፤ ክሩም በባሕር ወለል ላይ ጠባቂ ሳይኖረው ተኝቷል። ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮኽ ውሻ አንሁን። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ዛሬውኑ ይታሰብበት እንላለን!